ውርስ

ጥጃዋ በኋላ እግሯ መጣች።
እስከ ክርኔ ገባሁ፣ ሳብሁ፣ በመጨረሻ ወጣች፤
ባለቤቱ በገለባ አሻት፣ አነጠሰች፣ ነቃች።
«ዶክተር፣ እጅህ በረዶ ሆነ» አለና ቀዳልኝ፤
ለጥጃዋ አንድ፣ ለላሚቱ አንድ፣ ሦስተኛው ለምን እንደሆን ጠፋኝ።

ከጉልቤኔ በፊት፣ ጥዱ ከሚያልቅበት መታጠፊያ፣
የጥር ሌሊት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ፣
ሰማያዊ መብራት። ወጣቱ ፖሊስ መስኮቴን አንኳኳ፤
ያውቀኛል፤ የእናቱን ውሻ አክሜያለሁ ባለፈው ፋሲካ።
«ዶክተር ዚጉርድስ፣ ይቅርታ፣ እዚህች ቱቦ ላይ ይንፉ፤
በቃ እስክል ድረስ አያቁሙ። አያሳጥሩ። ይግፉ።»
ነፋሁ።
ዕድሜዬን ሙሉ በጥጃ አፍንጫ እፍ ያልሁት ትንፋሽ፣
ሕይወት የዘራ ትንፋሽ፣ ዛሬ ሆነብኝ ከሳሽ።
መሣሪያው ጮኸ፤ አንድ ነጥብ ዘጠኝ።
ልጁ ቀና ብሎ ሊያየኝ አፈረ፤ ቁልፉን ብቻ ጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲያ ወረቀት ነው። ወረቀት ወረቀት ይወልዳል፣
እንደ ጥንቸል፤ አዋላጅ አይሻም፣ በየሳምንቱ ይበዛል።
ቃል ሰጠሁ፣ ፈረምሁ፤ ደም ሰጠሁ፣ ፈረምሁ፤
መንጃ ፈቃዴን አስረከብሁ፣ ማስረከቤንም ፈረምሁ።
ጠበቃዬ ራይቪስ፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣
«አይዞዎት፣ እስር የለም» ይላል፣ «መዝገብዎ ንጹሕ ነውና።»
ቀጠሮ ለየካቲት። የካቲት ደረሰ፤
ዐቃቤ ሕጉን ጉንፋን ያዘው፣ ለመጋቢት ተመለሰ።

በመጋቢት ችሎት ምስክር ተጠራች፤
ኤልቪታ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ቆማ ጓንቷን ታጥፋለች።
በዚያ ሌሊት መንገድ ዳር ነበረች። እኔ አላየኋትም።
ይህን ዛሬም ስጽፈው እጄ ቀጥ አይልም።
«የጎማ ድምፅ ሰማሁ» አለች፣ «ዘለልሁ ወደ በረዶ።
ስነሣ የለም። መብራቱ ብቻ፣ ቀይ፣ ሲሄድ ማዶ።»
ዳኛዋ አሳለች። ራይቪስ ብዕሩን ጣለ።
«ጥያቄ አለዎት?» ተባልሁ። ምን ጥያቄ አለ?

ፍርዱ ሦስት ገጽ። እስር የለም። መቀጮ፣ የአምስት ዓመት እገዳ፤
የመጨረሻዋ መስመር መጣች፣ ሳትጠራ፣ እንደ እንግዳ፦
«መኪናውም ለመንግሥት ይወረስ።»

መኪናው፤ የአባቴ ቮልቮ፣ አረንጓዴ፣ እርጅና የተጫነው፣
ማሞቂያው እንደ ስሜቱ የሚሠራ፣ ግራ በሩ እልኸኛ የሆነው።
አባቴ ሞቶ ነው ያወረሰኝ፣ ሥርዓቱን ጠብቆ፤
መንግሥት ግን በቁሜ ወረሰኝ፣ ማኅተሙን ቀለም አጥልቆ።
አንድ ቃል ነው፣ ውርስ። ሁለት ስለት አለው፤ ቀመስሁት፤
ልጅ ሆኜ ገባሁበት፣ ተከሳሽ ሆኜ ወጣሁበት።

ራይቪስ ነገረኝ ቆይቶ፣ ደረጃው ላይ፣ በሹክሹክታ፤
አንዳንዱ የሰካራም መኪና አይሸጥም፤ ይሄዳል ዩክሬን፣ ወደ ጦሩ ቦታ።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ጭቃው ሲፈታ፣ ጫኙ መኪና መጣ።
ሰባት ነበሩ፤ የሰባት ሰው ገመና በሰንሰለት ታስሮ አደባባይ ወጣ።
የእኔው ሁለተኛ ነው። አጥሩን ይዤ ቆሜ አየሁ፤
ባዶ ወንበሬን ሲወስዱት፣ እጄን ላነሣ ብዬ ተውሁ።

ከዚያ ወዲህ በብስክሌት ነኝ፣ ቦርሳዬ በጀርባዬ፤
ላም ስታምጥ ሌሊት፣ ገበሬው በትራክተር ይጭነኛል ከነዕቃዬ።
ሲቀዱልኝ «ወተት» እላለሁ። ይስቃሉ። ይሳቁ።
ጓንት በምታጥፍ ልጅ ፊት መቆሜን እነሱ አያውቁ።

በጥቅምት፣ ማታ፣ ስልክ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር።
ድምፁ ወጣት ነው፣ በሩስኛ፤ ከኋላው የሆነ ነገር ሲሰባበር።
«ዶክተር ዚጉርድስ? ካርድዎን ከመኪናው ኪስ ውስጥ አገኘሁ፤
እኔም ሐኪም ነኝ፣ የሰው፤ ቁስለኛ አመላልስበታለሁ።
ሁሉ ደህና ነው፤ ግራ በሩ ግን፣ እንዴት ነው የሚከፈተው?»
«ወደ ላይ አንሣው» አልሁ፣ «ከዚያ በጉልበትህ፣ ከታች፣ ምታው።»
ሲመታ ሰማሁ። ሲከፈት ሰማሁ። ሳቀ።
«ስለ ስጦታዎ እግዜር ይስጥልን» አለና ድምፁ ራቀ።

ስጦታ?

መዝገቡን ልነግረው አፌን ከፈትሁ፤ ቁጥሩን፣ ገጹን፣ ማኅተሙን፣
በረዶ ውስጥ የዘለለችውን፣ የኤልቪታን ስሟን።
አልወጣም። ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝሁ ቆምሁ፤
በቃ እስክል አያቁሙ ያለኝን ልጅ አስታወስሁ፤
ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ።